የፍየሉ ቀኝ ዓይን

ኩልማንን የያላ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በሁለት ነገር ነበር፤ ጠብታ ውሃ የማያሾልክ የመዳብ ጋን በመቀጥቀጥና ቂም በመያዝ። በሁለቱም አይታማም።

ያላ በኔፓል ሸለቆ ውስጥ ያለች፣ ነገሥታቱ የነገሡባት ከተማ ናት። እዚያ እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ሰፈር፣ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ማኅበር አለው። የመዳብ ቀጥቃጭ ልጅ ተወልዶ ገና እትብቱ ሳይደርቅ የማኅበሩ ነው። ሲሞትም ተሸክሞ ወንዝ ዳር አውርዶ የሚያቃጥለው ማኅበሩ ነው። በመካከል ያለውን ዕድሜውን ደግሞ መዶሻውን ሲያነሳና ሲጥል፣ የዓመቱንም ድግስ ሲጠብቅ ይጨርሰዋል።

በድግሱ ቀን ለማኅበሩ አምላክ ፍየል ይታረዳል። ሥጋውን ሁሉም እንዳገኘ ይበላል፤ ጭንቅላቱ ግን የሚታደለው እንደ ዕድሜ ነው። ቀኝ ዓይን የታላቁ ሰው ነው፤ እሱም የማኅበሩ አለቃ ነውና ታካሊ ይባላል። ግራ ዓይን የሁለተኛው፣ ቀኝ ጆሮ የሦስተኛው፣ ግራ ጆሮ የአራተኛው እየሆነ እስከ አገጭ ይወርዳል። ሀብታም ነህ ድሃ፣ እጅህ ያምራል አያምርም የሚልህ የለም። ማን ቀድሞ ተወለደ፣ ይኸው ነው። ከላይ ያለው ሲሞት ከታች ያለው አንድ ብልት ወደ ላይ ይወጣል። ኩልማን ከአገጭ ተነስቶ ግራ ዓይን ላይ እስኪደርስ ድረስ ስንቱን ተሸክሞ ወንዝ እንዳወረደ ትከሻው ያውቀዋል።

ግራ ዓይን ላይ ደርሶ ቆመ። ከፊቱ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋጅራጅ።

ኩልማንና ጋጅራጅ የተወለዱት በአንድ ቀን፣ በአንድ ግቢ፣ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ቤቶች ነው። አዋላጇ አንዲት ሴት ነበረች፤ ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት ስትሮጥ ዋለች። በኋላ የማኅበሩ ሰዎች መጥተው «ማነው የቀደመው?» ብለው ሲጠይቋት ወደ ጋጅራጅ ቤት ጠቆመች። የኩልማን እናት ግን እስከ ዕለተ ሞቷ «የኔው ነው የቀደመው! እሱ ጮኾ ጮኾ ሲደክመው ነው የዚያኛው ድምፅ የተሰማው!» ስትል ኖረች። ጎረቤቱም «እሺ እሺ» እያለ ያልፋታል። ወላድ ስለ ልጇ ምን የማትለው አለ?

ልጆቹ ለዚህ ነገር ደንታ አልነበራቸውም። አንዱ በሌለበት ሌላው እህል አይበላለትም። ለአቅመ ሥራ ሲደርሱም አብረው መቀጥቀጥ ያዙ። ትልቅ ጋን አንድ ሰው አይሠራውም። አንዱ መስፉ ላይ አድርጎ ያዞራል፣ ሌላው ይመታል፤ የሚያዞረው ጣቶቹን ለሚመታው አደራ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ጋጅራጅ ያዞራል፣ ኩልማን ይመታል። በአርባ ዓመት ውስጥ መዶሻው የጋጅራጅን ጣት ያገኘው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ውሃ ቀድተው ከምንጭ የሚመለሱ ልጃገረዶች በደጃፉ አለፉ፣ ኩልማን ቀና አለ፣ የጋጅራጅ አውራ ጣት ጥፍርም ጠቁራ፣ ጠምማ ቀረች። ጋጅራጅ ይህን ታሪክ በየሰርጉ ሲያወራው ኖሯል። «እሱ ሚስት አገኘ፣ እኔ ጥፍር አጣሁ» ይል ነበር።

ያጣላቸው የፍየል ዓይን ነው። አይገርምም? ከዚህ ታሪክ አሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አሮጌው ታካሊ ሞተና ከሁለቱ በላይ ሰው ጠፋ። በድግሱ ቀን ብልት አውጪው ቀኙን ዓይን በቅጠል ሳህን ጋጅራጅ ፊት ሲያስቀምጥ ኩልማን በሰው ሁሉ ፊት ተነሳ።

«እናቴ የቀደምኩት እኔ እንደሆንኩ ነግራኛለች» አለ። «የጋጅራጅ እናት ደግሞ ታውቅ ነበር። ምን እንዳለችው እሱ ይናገር።»

ሰው ሁሉ ወደ ጋጅራጅ ዞረ። ጋጅራጅ አንገቱን ወደ ቅጠል ሳህኑ ደፍቶ «እኔ የማውቀው አዋላጇ ያለችውን ነው» አለ።

በዚያው አለቀ። ማኅበሩ ለአዋላጇ ፈረደ። ኩልማን ግን የጋጅራጅን ፊት አይቶታል፤ ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላ ከልጅነት ጀምሮ ያውቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ፤ ኩልማንም ከግቢው ለቆ ሌላ ቤት ገባ። ጋጅራጅ ከልጁ ጋር፣ ኩልማንም ከልጆቹ ጋር መቀጥቀጥ ጀመረ። በየዓመቱ ድግስ ላይ ታካሊውና ሁለተኛው ጎን ለጎን በአንድ ምንጣፍ መቀመጥ ግድ ነውና ይቀመጣሉ፤ ግን ኩልማን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የሚበላው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጋጅራጅ እንዴት አድርጎ ያንን ዓይን እንደሚበላ አንድ ቀን ዞር ብሎ አላየም። ማየቱ ይበጀው ነበር።

በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ጋጅራጅ ታሞ ተኛ። የድግሱ ቀን ሲደርስ ከአልጋ መነሳት አቃተው።

ሌላ ሰው ሲቀር ድርሻውን ማንም የተገኘ ሰው ይወስድለታል። የታካሊው ድርሻ ግን እንደዚያ አይደለም። ሁለተኛው ራሱ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ መሬት ሳያስነካ፣ በእግሩ ሄዶ ነው የሚያደርሰው። ብልት አውጪው ሲዲ ዓይኑን በቅጠል ሳህን ላይ አድርጎ፣ በሌላ ቅጠል ከድኖ ለኩልማን ሲያቀብለው በምንጣፉ ላይ ሹክሹክታ ሆነ።

«አባ ኩልማን፣ ካስቸገረዎት ልጅዎ ያድርስልዎት» አለ ሲዲ ዝቅ ብሎ። ሲዲ ሰው ሲጨነቅ ማየት የማይወድ፣ ሥራውን ከአባቱ የወረሰ ጎልማሳ ነው።

«ምኑ ነው የሚያስቸግረኝ? ጋን አይደለ፣ የፍየል ዓይን ነው» አለ ኩልማን። የራሱን ድርሻ፣ ግራውን ዓይን፣ በቅጠል ጠቅልሎ ጋቢው እጥፋት ውስጥ ከተተና ወጣ።

ከማኅበሩ ደጅ እስከ ጋጅራጅ ቤት አጭሩ መንገድ ሁለት ቅያስ ብቻ ነው። ኩልማን ረጅሙን ያዘ። ለምን እንደሆነ ራሱም ለራሱ አልነገረው። አሥራ አንድ ዓመት ያላናገረው ሰው ፊት ከመድረስ በእንጨት ጠራቢዎች ሰፈር ዞሮ መሄድ ቀለለው፣ ሌላ ምን ይባላል?

እንጨት ጠራቢዎቹ እንደወትሯቸው መንገዱን በፍቅፋቂ ሞልተው ተቀምጠዋል። ዳንጁ የሚባለው ምላሰኛ አዛውንት ግማሽ የደረሰ መስኮት ጭኑ ላይ አስደግፎ መሮውን ሲመታ ኩልማንን አየው።

«ኧረ ተመልከቱልኝ!» አለ ለጓደኞቹ። «ግራ ዓይን ቀኝ ዓይንን አዝሎ ሲሄድ!»

«ሥራህን ሥራ፣ ዳንጁ።»

«ሥራዬማ መስኮት ነው፣ ሰው ማያ። እንዲያው ግን ኩልማን፣ መዓዛው እንዴት ነው? ዕድሜህን ሙሉ ያልቀመስከውን ዘንድሮ እንኳን አሸተትከው!»

ጠራቢዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ኩልማን መልስ አላጣም ነበር፤ ከዳንጁ መስኮቶች ውስጥ አንዱ ባለፈው ክረምት ከነድጋፉ መንገደኛ ላይ መውደቁን ከተማው ያውቃል። ግን ሳህኑን አጥብቆ ይዞ አለፈ። ጆሮው እስኪግል ድረስ ሳቃቸው ተከተለው።

ከእነሱ ቀጥሎ የዘይት ጨማቂዎቹ ሰፈር ነው። የሰናፍጭ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። አንዲት ዘይት ሻጭ ከበራፏ ብድግ ብላ እጅ ነሳችው።

«ለታመሙት ነው የሚወስዱላቸው፣ አባባ?»

«አዎ ልጄ።»

«እኔን! ምን ያደርግላቸዋል? ምራታቸው ጠዋት ዘይት ልትወስድ መጥታ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በአፋቸው እህል የሚባል አልዞረም ብላ ስታለቅስ ነበር። ወግ ነው እንግዲህ፣ ቢያዩትም አንድ ነገር ነው።»

ኩልማን እርምጃውን ቀነሰ። እህል ካልቀመሰ ይኼስ ምኑ ነው? ጋጅራጅ አንዴ አይቶት ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ለቁራ ነው የሚጣለው። የእናቱ ድምፅ ጆሮው ላይ አቃጨለ። ጮኾ ጮኾ ሲደክመው ነው የዚያኛው ድምፅ የተሰማው። ሰባ ዓመት የተነፈገውን ነገር ለቁራ ይዞ እየሄደ ነው።

ከዘይት ጨማቂዎቹ ሰፈር በታች በድንጋይ ደረጃ ቁልቁል የሚወረድበት ምንጭ አለ። ሴቶቹ ቀድተው ሄደዋል፤ ውሃው በድንጋዩ አፍ እየፈሰሰ ከራሱ ጋር ያወራል። ኩልማን ወረደ። ውሃ ልጠጣ ብሎ ነው የወረደው። መሬት እንዳያስነካው ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ክዳኑን ገለጥ አደረገ። ሊያየው ብቻ ነው። ማየት ምን ኃጢአት አለው?

በላው።

አኘከው ማለት ይከብዳል፤ ሰው እንዳያየው የሚጣደፍ ሰው አያኝክም፣ ይውጣል። እንደዋጠ ጣዕሙን ሊያስታውስ ሞከረ። ከግራው በምንም አይለይም። ጨው እንኳ ትንሽ አንሶታል። ሰባ ዓመት የቋመጠለት ነገር ይኼ ነበር። አፉን ተጉመጠመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ባዶውን ሳህን አየና ያኔ ላብ አጠመቀው።

ባዶ ሳህን ይዞ ምን ብሎ ይገባል? ቁራ ነጠቀኝ ይበል? ማን ያምነዋል? የመዳብ ቀጥቃጮች ሁለተኛ ሰው የታካሊውን ድርሻ መንገድ ላይ በላ ቢባል፣ ዳንጁ በመስኮቶቹ ላይ ቀርጾ ለልጅ ልጅ ያወርስለታል። ተነስቶ ጋቢውን ሲያስተካክል እጁ የራሱን ጥቅልል ነካ። ግራው ዓይን።

ከተቀቀለ በኋላ ቀኝና ግራ ማን ይለየዋል? ጥቅልሉን ፈታ፣ ዓይኑን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ፣ ከደነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። ኩልማን ሁለቱንም ይዞ ደረጃውን ወጣ።

የጋጅራጅ ምራት ሂራማያ ደጅ ቆማ ስትጠብቅ አገኛት።

«መምጣትዎ ነው? ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁዎት ነው የዋሉት። መጣ ወይ፣ መጣ ወይ እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጡኝ እኮ።»

የእንጨቱን ደረጃ ሲጥ ሲጥ እያስባለ ወጣ። ጋጅራጅ መስኮቱ ሥር ተኝቷል። ከስቶ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ያንን የጋን ዙሪያ የሚያቅፍ ደረት ያየ ሰው ይኼ እሱ ነው ቢሉት አያምንም።

«መጣህ?» አለ ጋጅራጅ።

«መጣሁ።»

በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያ ንግግራቸው ይኼው ነው።

«አርጅተሃል እኮ፣ አንተ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ጨርሻለሁ፤ ለማርጀት ቀን ያለው ሰው ነው የሚያረጀው።» ጋጅራጅ እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣና የጠመመች ጥፍሩን አሳየው። «ይቺን ታውቃታለህ? ሌላው ሁሉ ከስቶ እሷ ብቻ እንዳለች አለች።»

«አንተ ነህ እጅህን ያላነሳኸው።»

«አንተ ነህ ሴት ያየኸው!»

ሁለቱም ሳቁ። ጋጅራጅ ሳል አጣደፈውና ሂራማያ ደግፋ አቀናችው። ኩልማን እየሳቀ ዓይኑ እንባ ሞላ። እንዴት ናፍቆት ኖሯል! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይኼን ሳቅ የትም አላገኘውም። እዚያው ላይ ሁሉንም ሊነግረው አፉ ደርሶ ነበር። ግን ሂራማያ አጠገባቸው ቆማለች፤ እሷ ፊት ሌባ ነኝ ማለት አቃተው።

ሳህኑን በሁለት እጁ አቀረበ። ጋጅራጅ ክዳኑን ገለጠ። በአውራ ጣቱ ዓይኑን ገልበጥ አደረገና አየው። መልሶ ገለበጠው። ከዚያ ቀና ብሎ ኩልማንን አየ፤ ረጅም ጊዜ አየው። ኩልማን ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ሂራማያ» አለ ጋጅራጅ በመጨረሻ፤ «ዛሬ ጠዋት ምን ነበር ያልኩሽ?»

«አባ ኩልማን ሲመጡ ዓይኑ የእሳቸው ነው፣ እሳቸው ናቸው የሚበሉት ብለውኛል።»

ኩልማን የሰማውን ማመን አቃተው።

«እናቴ ልትሞት ስትል ነግራኛለች» አለ ጋጅራጅ። በየቃሉ እያረፈ ነበር የሚናገረው። «የቀደምከው አንተ ነህ። አዋላጇ የናቴ አክስት ነበረች፣ አድልታ ነው። እኔ ይኼን ያወቅሁት ገና በጉልበታችን ሳለን ነው። ያን ቀን በሰው ፊት ስትጠይቀኝ አፌ ተሳሰረ። እናቴን በመቃጠያዋ ላይ እንደገና ማቃጠል ሆነብኝ። ነገ እነግረዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግረዋለሁ ስል አሥራ አንድ ዓመት ሄደ። ደግሞ አልዋሽህም፣ መጣፈጡም አለ።»

«ጋጅራጅ...»

«አፍህን ክፈት።»

ታማሚው ዓይኑን አንስቶ አጎረሰው። ኩልማን አፉን ከፍቶ ተቀበለ። ምን ያድርግ? የራሱን ግራ ዓይን፣ እንደ ቀኝ ተቆጥሮ፣ ከወዳጁ እጅ ጎረሰ። አልወረደለትም። ሂራማያ ውሃ ሰጥታው በውሃ ገፋው።

«በል አሁን የኔን ስጠኝ» አለ ጋጅራጅ።

«የቱን?»

«ግራውን ነዋ! የሁለተኛው ድርሻ የኔ አይደል? ታመሃል፣ እህል አስጠልቶሃል አትበሉኝ፣ እሱን እበላለሁ። አንድ ቀን እንኳን የራሴን ብልት ቀምሼ ልሂድ።»

ኩልማን ጋቢውን ዳበሰ፤ ባዶ መሆኑን እያወቀ ዳበሰ። አሁን ቢናገር ኖሮ! አንዲት ቃል ነበረች። ሰባ ዓመት አብሮት ያረጀ ኩራቱ ግን አንደበቱን ያዘው።

«በላሁት» አለ። «መንገድ ላይ ራበኝና...»

«ግራውን?»

«አዎ፣ ግራውን።»

«ግራውን ነው የበላኸው?»

«ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

ጋጅራጅ ሌላ ነገር አልጠየቀም። ራሱን ትራሱ ላይ አሳረፈ። «እሺ» አለ። «ነገ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«ና። ትዝ የሚልህ ነገር ካለ ነገ እንጫወታለን።»

ኩልማን በማግስቱ አልሄደም። ዛሬ ደክሞታል፣ ያርፍ ብሎ ለራሱ ነገረው። በሁለተኛው ቀን ተነስቶ እስከ ግቢው በር ድረስ ሄደ። እዚያ ቆሞ የሚናገረውን በልቡ ደጋገመ፤ በደጋገመው ቁጥር ይበልጥ አስቀያሚ እየሆነበት ሄደና ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን፣ ቤቱ ተቀምጦ የጋን አንገት ሲያስተካክል፣ የማኅበሩ መልእክተኛ መጣ። ድምፁን ሳይሰማ እግሩን አይቶ አወቀ። የሞት መልእክተኛ ሌላ አካሄድ አለው።

ማኅበሩ ጋጅራጅን ተሸክሞ ወንዝ ዳር አወረደው። ኩልማን ሽማግሌ ነህ ቢሉትም እምቢ ብሎ የቃሬዛውን ፊት ያዘ። ጋጅራጅ ምንም አይመዝንም ነበር። ያን ቀን ያለቀሰውን ልቅሶ ሰው ሁሉ እያየ «እንዲህ ይወደው ኖሯል!» ብሎ ተገረመ። ኩልማን ይኼን ሲሰማ የባሰ አለቀሰ።

ዓመቱ ዞሮ ድግሱ መጣ። ኩልማን የታካሊው ቦታ ላይ ተቀመጠ። ከጎኑ ግራ ዓይን የደረሰው ሰው ከእሱ በዕድሜ እጅግ የሚያንስ፣ ፍየሉ ለምን ጠና ብሎ ከማማረር በቀር ወሬ የሌለው ሰው ነው። ኩልማን ዘንድሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያላዞረው የሚያኮርፈው ሰው ስለሌለው ነው።

ሲዲ ቀኙን ዓይን በቅጠል ሳህን አምጥቶ ፊቱ አኖረና ጎንበስ አለ።

«ታካሊ፣ ለአዲስ ታካሊ የሚነገር አንድ ምስጢር አለ» አለ በሹክሹክታ። «ከብልት አውጪውና ከታካሊው በቀር ማንም አያውቀውም። ይኼውልዎ፣ ይገልብጡት።»

ኩልማን ገለበጠው። ከዓይኑ ሥር፣ ነጩ ላይ፣ በቢላ ጫፍ የተጫረች ጠባብ መስመር ነበረች።

«ቀኙ ላይ ብቻ ነው የምንጭራት። የተቀቀለ ዓይን አይለይም፤ ማንም እንዳያታልልዎት ነው። ከአያቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው።»

ኩልማን መስመሯን በጣቱ ዳሰሰ። «ጋጅራጅም ያውቅ ነበር?» አለ።

«ምን ይጠይቁኛል! አባቴ ነው የነገራቸው። በየዓመቱ ሳይገለብጡ አይበሉም ነበር እኮ። አጠገባቸው ተቀምጠው አላዩም?»

ኩልማን ሳህኑን በሁለት እጁ አንስቶ ቆመ። ሰው ሁሉ ቀና አለ። «ወዴት ነው ታካሊ?» አሉት። «አሞት ነው» አሉ። ሳህኑን ይዞ ወጣ። ዘንድሮ አጭሩን መንገድ ነው የያዘው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

ሂራማያ ግቢው ውስጥ ሩዝ አስጥታ በእግሯ ታገላብጣለች። ሳህኑን ስታይ ቆመች።

«ልጄ» አለ ኩልማን፤ «የዚያን ቀን እኔ ከወጣሁ በኋላ ምን አለ? እንዳትደብቂኝ።»

ሂራማያ መሬት መሬት አየች። «ሳቁ» አለች።

«ሳቀ?»

«ቀኙን ነው የበላው፣ ሌባ! አሉና ሳላቸው እስኪያንቃቸው ሳቁ። እኔ ዕድሜ ልኩን ሰረቅሁት፣ እሱ አንድ ቀን ሰረቀኝ፣ ነገ መጥቶ ሲነግረኝ ሁለት ሌቦች እኩል እንሆናለን አሉ። ከዚያ በሩን አትዝጊው አሉኝ።»

ኩልማን ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ አየ።

«ብርድ ይገባል ብላቸው እምቢ አሉ። ሦስቱን ቀን ክፍት ነው ያደረው። ደረጃው ኮሽ ባለ ቁጥር እሱ ነው? ይሉኛል።» ሂራማያ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ግቢው በር ድረስ መጥተው የተመለሱ ቀን በመስኮቱ አይተዎታል። ልጥራቸው ስል ተይው፣ ራሱ ይምጣ አሉኝ። እስኪመሽ ድረስ መስኮቱ ላይ ነበሩ።»

ኩልማን ሳህኑን እንደያዘ አልፏት ገባ፣ ደረጃውን ወጣ። ክፍሉ ተጠርጎ ባዶ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር አንድ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ቆሟል። ያን ቀን የተቀመጠባት ቦታ ላይ ተቀመጠና ሳህኑን ጋጅራጅ ተኝቶበት ከነበረው ቦታ ፊት አስቀመጠ። ዓይኑን ገልብጦ መስመሯን ወደ ላይ አደረገ።

«ቀኙን ነው የበላሁት» አለ ጮክ ብሎ።

የሚስቅ ሰው አልነበረም።